ጸና

አባቴ ሥራው ነበር በረዶ መለካት።
ባሕሩ ሲረጋ፣ በጥር ጨለማ ሌት፣
ከኦውሉ ወዲያ፣ ወደ ሃይሉኦቶ፣
መሰርሰሪያ ታቅፎ፣ ፋኖሱን አብርቶ፣
በየመቶ እርምጃው ቀዳዳ እየበሳ፣
ምልክት ያለው ዘንግ ሰዶ እያነሣ፣
ይጽፋል በእርሳስ፦ «እዚህ ሠላሳ፣ እዚያ አርባ»፤
ቀይ ጨርቅ ያስራል፣ ከክፉው ላይ ጎማ እንዳይገባ።
የወተት መኪና፣ አዋላጅ፣ የሬሳ ሣጥን፣
ያለፉት በእርሱ ቃል ነው፣ በዚያ ቁጥር መጠን።
ስልክ ሲደወልለት አንድ ቃል ነው መልሱ፦
«ጸንቷል።»
ይዘጋዋል እሱ።

እኔም ልጁ ለካሁ። ግን የእኔ በረዶ
ሲበዛ ስስ ነው፤ ብርሃን ያልፈዋል ማዶ።
ሺህ ቢነባበር እንኳ አያክልም ጥፍር፤
ገለፈት ይሉታል፣ የደም ሥሩ ሥር፣
ሕዋስ ከሕዋስ ጋር ተያይዞ የቆመበት፣
ኮላጅን የሸመነው፣ ላሚኒን ያላላበት።
በመርፌ እጫነዋለሁ፣ ጫፏ ለዓይን በማይታይ፤
ሲጎደጉድልኝ፣ ሲገፋኝ ወደ ላይ፣
ኮምፒውተሩ ይሥላል አንዲት ዘመም ያለች መስመር፤
ዳገቷን አይቼ አውቃለሁ፣ ምን ያህል እንደሚጠጥር።

ሕዋስ ዓይን የለውም። እግር ግን አለው፤
የሚያውቀው ነገር ቢኖር የረገጠውን ነው።
ወለሉ ልል ሲሆን፣ ሰጥቶ ሲቀበለው፣
የጎረቤቱን እጅ ይዞ ዝም ያለ ነው።
ሲጠጥርበት ግን ጡንቻው ይነሣል፤
እግሩን ቸንክሮ ወደ ራሱ ይስባል፤
ይስባል፣ ይስባል፣ የያዘውን ይለቅቃል፤
በዚያች ስንጥቅ የደም ውሃ ሾልኮ ይዘልቃል።
ይህን በሳህን ላይ መቶ ጊዜ አይቻለሁ።
በአባቴ ዓይን ውስጥ አያለሁ ብዬ ግን መች አስቤ አውቃለሁ?

ስኳር አለበት። ዓመቱ አሥራ ስምንት።
ባለፈው መጋቢት ዶክተር ሬታ ዓይኑን አየችለት፤
ፎቶው ላይ ቀያይ ነጥብ፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣
እሱ ራሱ ያሰራቸው ጨርቆች መሰሉት።
ማታ፣ ወጥ ቤት ተቀምጠን፣ የዓሣ ሾርባ ፊት፣
«ሥሬ ሳስቷል ማለት ነው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ድንገት።
«አይደለም፣ አባዬ። ወፍሯል። ጠጥሯል። ጸንቷል» አልኩት።
ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።
«የጸና ነገር ያፈሳል?»

ቃሉ አታለለኝ። ሰው ጸና ሲባል እሰየው ነው፤
ሕመም ጸና ሲባል ግን ቄስ ጥሩ ማለት ነው።
ስኳሩ ነው እኮ፣ ድምፁን አጥፍቶ ገብቶ፣
ክርን ከክር ጋር ሰፍቶ፣ ደግሞ ሰፍቶ፣
ወለሉን ያወፈረው፣ ያደረቀው እንደ ሰሌዳ፤
ጠንክሮም የማይረዳ፣
ወፍሮም ቀዳዳ።
ግን እንዴት ብዬ ልንገረው? ለእርሱ ውፍረት እምነት ነው፤
ሠላሳ ክረምት ሙሉ ስንቱን ሰው ያሻገረው።

ማንኪያውን አስቀመጠ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።
«የሚያዝያ በረዶ» አለ።
«ታውቂያለሽ? ወፍራም ነው። ክንድ ይሞላል፣ ያልፋል።
ውስጥ ውስጡን ግን ጧፍ ጧፍ ሆኖ ተሰንጥቋል፤
ውሃ በመሐል ለመሐል ሽቅብ ይመጣል።
የጥሩ ስስ ሆኖ፣ ከባድ መኪና ሲያልፍበት፣
ጎንበስ ይላል፤ ቀና ይላል። ያየሁት ነው፣ ቆሜበት።
ከጥር ይልቅ በሚያዝያ ነው ጨርቅ የጨረስኩት።»

እኔ ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ተማርኩ።
አልነገርኩትም። ዳቦ ቆረስኩ።

«ተመልሶ ይለሰልሳል?»
አየኝ፣ ነጥብ ባለበት ዓይኑ፣ ፊት ለፊት።
«በሳህን ላይ፣ አዎ። ሽመናውን የሚያላላ ፕሮቲን አለ።
በሰው ግን ገና ነው።»

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ሞላልኝ እንደገና።
«እንግዲያው ለኪ» አለኝ።
«በየመቶ እርምጃው።»