ዜሮ ነጥብ ሰባት

ማታ በሦስት ሰዓት፣ ዲሞና ስትበርድ፣
የበረሃው አሸዋ መስኮት ላይ ሲወርድ፣
ሰባት ቤት ያላትን ሳጥኔን ከፍቼ
ሁለት ፍሬ አወጣለሁ ጣቴን አስገብቼ።

አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል ይላል የክዳኗ ጽሕፈት፤
አባቴ ዳዊቱን ሲደግም ሌሊት ሌሊት
በዚሁ ተራ ነበር የሚወርድ በየፊደሉ፤
የኔ ግን ዜማ የለውም፣ ሊትየም ነው ቃሉ።

«ጨው ነው» አለኝ ሐኪሙ የዚያን ጊዜ፣
ገና ሳይለቀኝ የመርፌው ድንዛዜ።
ሳቅሁበት።
ባሌ ዳኛው ከሰዶም ፋብሪካ ሲመለስ
ጫማው ውስጥ ጨው ነው፣ ቅንድቡ እስኪለብስ፤
ከደጃፌ ላይ በየማታው የምጠርገው፣
እሱ ነው እንግዲህ እኔን የሚያቆመው?

ያኔ እንቅልፍ የለም፤ አሥራ አንደኛ ሌሊቴ።
በዱቤ ሦስት ፍሪጅ ገዝቼ፣ ሞልቶ ቤቴ፣
ለጎረቤት ሁሉ የበሬን ቁልፍ አድዬ፣
የምሠራበትን መዋዕለ ሕፃናት «የኔ ነው» ብዬ፣
በሌሊት ልብሴ፣ በዬሩሃም መንገድ
ኮከብ እያዘዝኩ፣ መኪና እያስቆምኩ ስሄድ
ፖሊስ ነው ያገኘኝ።
ልጄ ኦሽራት ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤
ጫማዬን ታቅፋ ቆማለች ከበር።

ከዚያ ሌላው መጣ፣ ድምፅ የሌለው፤
መጋረጃ መግለጥ ዳገት የሆነው።
እህቴ ጸጉሬን ስታጥበኝ፣ ውኃው ሲንቆረቆር፣
የማን ራስ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

ሦስት ዓመት ዋጥኩ። ዳንኩ።
የዳነ ሰው ደግሞ መድኃኒት ምን ያደርግለታል? አልኩ።
ጣራው ሳያፈስ ማን ባልዲ ይደቅናል?
ዝናቡ ካባራ ማን ጥላ ይይዛል?
ለራሴ ጠበቃ ሆንኩ፤ አፌም ጣፈጠ፤
ዳኛው ስሙን ብቻ ይዞ ከፍርዱ አመለጠ።
በአሥራ ስምንተኛው ቀን ወፎቹ በስሜ ጠሩኝ።

(ያን ድምፅ አልክደውም። ያምር ነበር።
አሁንም ሳህን ሳጥብ አንዳንዴ ይናፍቀኛል።
ይህን ለማንም አልተናገርኩም።)

በየሦስት ወሩ ነርሷ ፋይና ክንዴን ታስራለች፤
ከአማርኛ «አይዞሽ»ን ብቻ፣ እሱንም «አይዞስ» ትላለች።
ደሜ ሄዶ ቁጥር ሆኖ ይመለሳል፦
ዜሮ ነጥብ ሰባት።
ይህ ነው የገመዴ ስፋት፤
ቢያንስ ወፎቹ ይመጣሉ፣
ቢበዛ ኩላሊቶቼ ይከፍላሉ።

ለአስተሰርዮ ጾም ቄስ አየለኝ ዘንድ ሄድኩ፤
«ውኃ ካልጠጣሁ መድኃኒቱ ደሜ ውስጥ ይበዛል» አልኩ።
ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። የቆዩት ቆይታ!
«ጠጪ» አሉኝ ኋላ፣ በቀስታ፤
«አንቺስ ዓመቱን ሙሉ ስትጾሚ አይደለም እንዴ?»
ከጸሎት ቤቱ ጓሮ፣ በፕላስቲክ ኩባያ፣ በመንገዴ፣
አንዲት ሴት ገላመጠችኝ።
ጠጣሁ።

ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለልጆቹ ሾርባ ስቀዳ
አንዱ ጠብታ ወለል ላይ፣ አንዱ ከሰው ጓዳ።
ኢታማር፣ አራት ዓመቱ፣ «እጅሽ ይጨፍራል» ይለኛል።
ይጨፍር። እጅ ቢጨፍር ምን ይለኛል፣
ራሴ ከተቀመጠ።

ዳኛው ደግሞ በቀልዱ «ጨው ውጠሽ ጨዋ ሆንሽ» አለ፤
ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ሦስተኛው ቀን ግን ሳቄ አየለ፣
ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚሉት ቢታወሰኝ፤
አለዚያማ ድንጋይ ነው ብሎ የሚጥለኝ
ሌላ ማንም አልነበረም፤ እኔው ነበርኩ።

ከዚህ ቁልቁል፣ ባሕሩ ዳር፣
የሎጥን ሚስት ያሳያሉ ለመንገደኛ፤
ዞራ አይታ የደረቀች፣ የጨው ምርኮኛ።
እኔም ዞሬ አያለሁ፣ በየሦስት ወሩ፣
በመርፌ፤ ከዚያ እጅጌዬን አውርጄ አውቶቡስ እጠብቃለሁ።

ኦሽራት አሥራ ሰባት ሞላት።
ምንም አትጠይቅም። ብርጭቆ ውኃ አስቀምጣ
«ዛሬ ጋሜል ነው?» ትላለች።
«ጋሜል ነው።»
ከመተኛቷ በፊት በሩን ትቆልፍና
ጫማዬን ታስተካክላለች፣
አፍንጫውን ወደ ቤት አዙራ።