ሙግት ከነፋስ ጋራ

ከኮዬ ፈጬ በማለዳ ወጥቼ፣ ቱሉ ዲምቱን ሳልፍ፣
በክፍያው መንገድ በር ላይ፣ ትኬት ልቀበል ስሰለፍ፣
እንቁላል ልጭን ወደ ቢሾፍቱ፣ ባዶ መኪና ስነዳ፣
ሁልጊዜ አንድ ባላጋራ አለኝ፣ ከፊቴ የሚቆም እንግዳ።

ደረቱን ሰጥቶ ይገጥመኛል፣ መስታወቴን ይገፋል፣
ከሰማንያ ካለፍኩ ደግሞ፣ ከቤንዚኔ ይዘርፋል።
ሰፈሩ ነፋስ ይለዋል፤ እኔ አራጣ አበዳሪ እለዋለሁ፣
ወለዱን በየኪሎሜትሩ፣ ከሰልባትዮው እከፍለዋለሁ።

መታወቂያ የለው፣ ሰሌዳ የለው፣
የት ችሎት ሄጄ ልክሰሰው?

ዲኤክሴ ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፣
እንደ ጣውላ ሳጥን፣ በአራት ማዕዘን ተቆርጣ የቀረች።
እልፍነሽ የልጁን ሒሳብ ደብተር ከኋላ ገልብጣ፣
«ስንት ቀዳህ? ስንት ሄድክ?» ትላለች፣ ከበር ወጥታ።
አርባ ሊትር፣ አራት መቶ ሰማንያ፤
ሁሌ አርባ፣ ሁሌ አራት መቶ ሰማንያ።

መጀመሪያ ክር ለጠፍኩባት።
ከልጁ ኮፍያ የተረፈ ቀይ ሱፍ፣
ስንዝር ስንዝር እየቆረጥኩ፣ በፕላስተር፣
ከፊት ኮፈኗ እስከ ኋላ መብራቷ ጥግ ድረስ።
በአሮጌው መንገድ ስነዳት፣
ለሜሳ በሞተር ብስክሌቱ ከጎን ከጎኔ እየሄደ፣
«የፊቱ ተኝቷል! የጣሪያው ተኝቷል!
የኋላው ግን አበደ!»

እውነትም ከኋላ መስታወቷ በታች
ክሮቹ ይተናነቃሉ፣ ዞረው ወደ ፊት ይመለሳሉ።
ያኔ ገባኝ። ባላጋራዬ
ፊት ለፊት ከሚገፋኝ ይልቅ
ካለፍኩ በኋላ ነው ኮቴን ይዞ የሚጎትተኝ፣
እንደ ሐሜተኛ።

ኮምፔንሳቶ ገዛሁ፣ የላሜራ ቁራጭ ለመንኩ፣
ሪቬት መምቻውን ከጎረቤት ተዋስኩ።
ከወደቀ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ
ዘበኛው በሃምሳ ብር የቀደደልኝን ፕላስቲክ
ከሆዷ ሥር ዘረጋሁት፣ ጽሑፉ ወደ አስፋልት።
«የሕልምዎ ቤት፣ በቅናሽ» ይላል፤
ከዚያ ወዲህ የሚያነበው ጉድጓዱ ብቻ ነው።

የአፏን ግማሽ በቆርቆሮ ከደንኩት፣
እንዳትግል በየአሥር ኪሎሜትሩ ቆሜ እየዳሰስኩ።
ለኋላዋ ደግሞ ጅራት ሠራሁላት፣
እንደ ዓሣ እየጠበበ የሚሄድ።
ልጆቹ «አውሮፕላን!» እያሉ ተከተሏት።
ጋሽ ወርዶፋ ከበረንዳው ሆኖ፣
«ለማን ልትድራት ነው?» አለኝ።

እልፍነሽ ሦስት ጊዜ ደመረች።
ከአርባው ላይ ሦስት ሊትር።
«ሦስት?»
«ሦስት።»
እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰካችና ሳቀች፤
በእንቁላል ሒሳብ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

ትራፊኩ ያስቆመኝ ገላን መገንጠያው ላይ ነው።
ዞራት። ደግሞ ዞራት። ጅራቷን በጣቱ ቆረቆረ።
«ይሄ ሊብሬው ላይ አለ?»
«የለም፣ ጌታዬ።»
«ታዲያ ምን ይሠራል?»
«ነፋሱ እንዳይጎትተን...» ብዬ አፈርኩ።
ቀና ብሎ ባሕር ዛፉን አየ፤ ቅጠል አይነቃነቅም።
«የቱ ነፋስ?» አለኝ።

ምስክሮቼ፣ እነዚያ ቀይ ክሮች፣ ቤት ቀርተዋል።
እዚያው ፈታሁት፤ እንቁላሉ ላይ ጫንኩት፤
አሥራ አንድ ሰበረ፤ እሱም ደብተሩ ላይ ተጻፈ።
ስለ ሆዷ ግን አልነገርኩትም።
እሱም ጎንበስ ብሎ አላየ።

ዛሬ ማደያው ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ከንጋት ጀምሮ፣
ሞተር አጥፍቼ፣ በሩን ከፍቼ፣
በትከሻዬ እገፋታለሁ፤
ከፊት አንዱ ሲቀዳ፣ አንድ መኪና ያህል እጠጋለሁ።
በዚህ ፍጥነት ከነፋስ ጋር ሙግት የለም።
ሰፊ ሜዳ ሰጥቶኛል፣ ራሱ እንኳ ሰልችቶት ይሆናል።
ከመስታወቷ ጥግ ሳልነቅላት የቀረች
አንዲት ክር ተንጠልጥላለች፣ ቀጥ ብላ፣ ዝም ብላ።

ጭነት መኪና በጎናችን ሲያልፍ
ብድግ አለች፤
ወደ አዳማ ጠቆመች፤
መልሳ ተኛች።
ከኋላዬ ያለው ጥሩንባ ነፋ።
ትከሻዬን ሰጠሁ።