ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ

ከጓሳ የወረደው ንፋስ በሩን ሲገፋው፣
ስልሳ ሁለት ልጅ መዳፉን እፍ እፍ ሲለው፣
እኔ ግራ ኪሴን በባቄላ ሞልቼ
አራተኛ «ለ» ገባሁ፣ ቀኙን ባዶ ትቼ።

ለቆሎ አይደለም፣ ለዘርም አይደለም፤
አንድ ልጅ ልቆጥር ነው፣ ሌላ ጉዳይ የለም።
ወንድይፍራው ይባላል፤ ስሙ ከሱ ይከብዳል፣
መስኮቱ ጥግ፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ይቀመጣል።
ይቀመጣል ማለቴ ለወጉ ነው እንጅ፣
ይነሳል፣ ዴስክ ይደልቃል፣ ይሮጣል ወደ ደጅ፣
የሰው እስክሪብቶ ነጥቆ ይስቅበታል፣
ስጠራው «አቤት» ይልና መልሶ ይነሳል።
ባጠፋ ቁጥር ከግራ ኪሴ አንዲት ፍሬ
ወደ ቀኝ ትሻገራለች፤ አይቋረጥም ንግግሬ።

አምስት ቀን ቆጠርኩ እንዲሁ፣ ምንም ሳልቀይር።
«መነሻ» ይባላል ይህ፣ ደብረ ብርሃን በክረምት ስንማር።

አሥራ ዘጠኝ።
ሃያ ሁለት።
አሥራ ሰባት።
ሃያ አንድ።
ዓርብ፣ አርፍዶ መጥቶም፣ ሃያ።

ከዚያ ውል ገባን።
ጥዱ ላይ የተንጠለጠለች የአይሱዙ ቸርኬ አለች፤
ጠዋት የምትሰበስበን፣ ቀን የምትበትነን እሷ ነች።
«ፍሬው ከትናንቱ ባነሰ ቀን» አልኩት፣
«ደዋዩ አንተ ነህ።» አላመነኝም፤ ማልኩለት።

አሥራ አንድ። ስምንት።
አምስት። አራት።
ሁለት።

ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ሲያስጮኻት
ገበያ ዳር የቆሙ አህዮች ጆሯቸውን ቀሰሩላት።

አማካሪዬ ደወለ።
«አሁን ደግሞ አንሺው» አለ።
«ደወሉ ተነሥቶ ልጁ እንዳማረበት ከዋለ
በምን አወቅሽ ደወሉ መሆኑን? ወሩ ቢሆንስ? ቢጎለምስስ?
ጠበልም መድኃኒትም የወሰደ ሰው ሲፈወስ
ማንኛው እንዳዳነው ማን ያውቃል?»
እውነቱን ነው። እውነት ደግሞ አንዳንዴ ይበርዳል።

ሰኞ ብረቱን ለጥበቃው ለጋሽ ደምሰው ሰጠሁ።
ልጁ ጥዱ ሥር መጥቶ እጁን ዘረጋ፤ ከሩቅ አየሁ፣
የተዘረጋው እጅ ምን እንደሚሆን ጠፍቶት
የኮቱን ቁልፍ ሲፈልግ፣ ቁልፍ የሌለው ኮት።

ሦስት። ዘጠኝ። አሥራ አምስት። አሥራ ስምንት።

ካሬ ወረቀት ላይ ግን፣ ምን ልበል፣ ያምራል፤
እንደ ሞፈር ውሃ ገደል መስመሩ ወርዶ ይወጣል።
እንዲህ ያለ ሥዕል ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው፤
እርሳሴን ቀርጬ ነጥቦቹን ደግሜ አደመቅኳቸው።

ሐሙስ፣ ሁሉም ሲወጣ፣ እሱ ቀረ።
ጡጫውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፤
ቀስ ብሎ ፈታው። አንዲት ባቄላ፣ በላብ የወዛች።
«ቲቸር፣ ይቺን ረሱ» አለ። «ከቤት ያመጣኋት ነች።
ሰሌዳ ሲጽፉ ዴስኩን መታሁት። ጀርባዎን ሰጥተው ነበር።
አላዩኝም።»
ወጣ።
አሥራ ዘጠኝ ሆነ።

ቅጹ ላይ «ሁለተኛ ተመልካች» የሚል ባዶ መስመር አለ፣
ትርፍ ሰዓት ያለው መምህር ጠፍቶ እንደተንጠለጠለ።
አሥራ ስምንትን ለአሥራ ዘጠኝ አካፈልኩ፦
ዘጠና አራት ከመቶ፣ ከምናምን። እስክሪብቶዬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ።
ስሙ እንዳይጻፍ ደንብ ነው፤ በጥናቱ «ተማሪ ሀ» ነው።
«ተማሪ ሀ» በ«ተማሪ ሀ» ላይ መሰከረ ብዬ ለማን ልጻፈው?

ሦስተኛው ዙር ዛሬም አራት ነጥብ ብቻ አለው።
አማካሪዬ በቀይ ከበበው፦
«ዕቅዱ አምስት ይላል። የዓርብ የት ሄደ?»

ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣
ጋሽ ደምሰው አጥሩን ተደግፎ ይስቃል፤
ኪሶቼ ሁለቱም ባዶ ናቸው፤
ጥዱ ሥር አንድ ልጅ፣ እግሩን ከፍቶ፣
ብረቱን ወደ ኋላ ስቧል።