ስነሣ ይጠፋል

ታውኖ የሚባል ሰው፣ ታምፐሬ የሚኖር፣
ጡረታ ሳይወጣ ሊፍት ጠጋኝ ነበር፤
"ኮምፒውተሬ ታሟል" ሲል ጻፈልን ማታ፣
"ስቀመጥ ደህና ነው፤ ስነሣ ግን ላፍታ
ስክሪኑ ይጨልማል፣
ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ተመልሶ ይበራል።
ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ቆጥሬ ነው ያልኩት፤
ትናንት አሥራ አንድ ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ፣ ዘጠኙን ጠፋብኝ፣ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።"

ለኛ ዓይነቱ ሰው ድግስ ነው መቼም፣
ብልሽት የጠፋ ለት ደህና አድርገን አንተኛም።

ዳናንጃይ ከፑኔ "ሶፍትዌሩን አድስ" አለ፤
ኦሊቪያ ከፖርቶ፦ "ራሙ ነው የዛለ፤
ንቀለው፣ ጥርሱን በላጲስ እሸው፣
ስንት የሞተ ማሽን ነፍስ ዘርቼበታለሁ፤ አንተም ሞክረው።"
እኔም ከብርኖ ሆኜ እንደ ዳኛ ኮራሁ፣
"ፓወር ሰፕላይህ ነው" ብዬ ያለ ይግባኝ ዘጋሁ።
አንዱ ደግሞ መጣ፣ ስሙን የማላስታውሰው፣
"ድመት አለህ ወይ?" ብሎ የጠየቀው።

ታውኖ መለሰለት፦
"ድመት የለኝም። ከኔ በቀር ማንም የለም እዚህ ቤት።"
ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላ መስመር አከለ፦
"ፋኑ ግን ደህና ነው፤ እንደ ንብ ቀፎ ሲያዜም ይኸው ዋለ።"

ራሙን በላጲስ አሸ፤ አቧራውን በጥርስ ብሩሽ ለቀመ፤
በሃያ ዩሮ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ ገጠመ፤
ቀጥሎ የፕሮሰሰሩን ቅባት ሊቀይር ተነሣ፤
እኛ በቅባቱ መጠን ተጣላን፣ በሽተኛው ተረሳ።
"ሽንብራ ታክል ጠብ አድርግ፣ ከዚያ አትጨምር!"
"የለም፣ መስቀል ሥራ!" "የለም፣ ጥግ እስከ ጥግ ቀባባው፣ ጫፉ እንዳይቀር!"
ሁለት ሌሊት ሙሉ በሽንብራ ተካሰስን፤
በሦስተኛው ታውኖ ብቅ ብሎ አሳፈረን፦
"ቀባሁ።
ተቀመጥሁ።
ተነሣሁ።
ጠፋ። ደህና እደሩ።"

ክረምቱ እዚያ አገር ሌላ ነው ጠባዩ፤
ቀን ሳይጠግብ ይመሻል፣ ይቀማል ፀሐዩ።
ከመስኮቱ ውጭ ሃያ ሁለት ከዜሮ በታች፣
ከውስጥ ማሞቂያው አየሩን እንደ ቋንጣ አድርቆት እጁ ተሰነጣጠቀች።
ይህን የሰማነው ለወግ ያህል ነው፣ አለ እንደ ዋዛ፦
"የበር እጀታ ስነካ እሳት ይቆነጥጠኛል፤ ዘንድሮ ብርዱ በዛ።"

ሄሪን ግን ያዘችው።
ቡሳን ውስጥ ስልክ ትጠግናለች፤ ሱቋ ከዓሣ ገበያው ጎን ነው።
ከኛ ሁሉ ታናሽ፣ ቃል የማታባክን፣
"ወንበርህ ምንድን ነው?" ብላ ጻፈች፣ ብቻ ይህችን።
"ከፍ ዝቅ የሚል፣ የጋዝ ምሰሶ ያለው።"
"የለበስከውስ?" "ሹራብ። የሱፍ። ኤይላ የሠራችው።"
ኤይላ ማን እንደሆነች የጠየቀ የለም።
"በል ወንበሩን አውጣና በርጩማ ላይ ሁን፤ ከዚያ ተነሥ፣ ደጋግም።"

ሃያ ጊዜ ተነሣ።
ሃያ ጊዜ ስክሪኑ ፈጦ ቀረ፣ ዓይኑን እንደማይከድን ዓሣ።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል፦
ሱፍና ጨርቅ ሲፋተጉ ሰውየው ኤሌክትሪክ ይሞላል፤
ብድግ ሲል በወንበሩ ብረት አጥንት ውስጥ ዓይን የማያያት ብልጭታ ትዘላለች፣
ረጅሙ ኬብል እንደ አንቴና ይቀልባታል፤ ስክሪኑን ሦስት ሰከንድ ታፈዘዋለች።

ያን ሌሊት ሁላችንም ወንበራችንን በጥርጣሬ አየን።
እኔ ብርኖ ላይ፣ በካልሲ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ስነሣ ስቀመጥ፣ ስነሣ ስቀመጥ፣
ወይዘሮ ሃቭራንኮቫ ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ስትቀጠቅጥ።
የኔው አልጠፋም። ትንሽ ቅር አለኝ።

ታውኖ አጭር ኬብል ገዛ፣ ማሞቂያው ላይ እርጥብ ፎጣ ሰቀለ፤
"ዳነ" ተባባልን፣ ወደ ሌላ ሰው ብልሽት ዞርን፤ እሱ ግን ሚያዝያ ላይ እንዲህ አለ፦

"አሁን ስነሣ አይጠፋም።
ውሃ ልጥድ ብሄድ፣ ሱቅ ደርሼ ብመጣ፣ እንደበራ ነው፣ ምንም አይለውም።
ጥሩ ነው፤ አመሰግናለሁ።
ግን ያቺ ሦስት ሰከንድ… ብድግ ማለቴን የሚያውቅ አንድ ነገር ቤቱ ውስጥ ነበረ ብዬ አስባለሁ።"

ስለ ሽንብራ ሁለት ሌሊት የተከራከርን
ማናችንም ምንም ሳንል አደርን።
ጠዋት ከቡሳን አንዲት መስመር፦
"አሮጌውን ኬብል አትጣለው፤ ጠቅልለህ መሳቢያ ውስጥ ይኑር።"

"ጠቅልዬዋለሁ" አለ።
ብርዱ ሲመለስ፣ አንዳንድ ማታ መልሶ ይሰካው እንደሁ
እስካሁን አልጠየቅነውም፤ እኔም ልጠይቀው ብዬ ጽፌ አጠፋሁ።