የጎደለች ምት

ሐይፋ፣ ታችኛው ከተማ፤ የወደቡ ክሬን ይታያል፤
ክለባችን የነበረው ምድር ቤት ዛሬ ሴራሚክ ይሸጥበታል።
ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፤ ‹‹ለቅሶ ነው?›› ብሎ ጠየቀን፤
የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ የታሸገበትን ካርቶን
‹‹ተቀመጡበት›› ብሎ ሰጠን።

ኢዚዮ ሄርሽኮ ሞተ። ባለፈው ማክሰኞ ቀበሩት።
ጋዜጦቹ በሁለት መስመር፣ እሱንም ስሙን ገድፈው ጻፉት።
ቀን ቀን መርከብ የሚበይድ፣ ማታ ማታ ግድግዳ የሚንድ፣
የ‹ጭነት ባቡር› ባንድ ከበሮ መቺ፤ ግራኝ፤ ትከሻው ግንድ።

አራት ሆነን ተቀመጥን፤ ሌላው ወይ ሞቷል ወይ ረስቷል፤
ኒሲም፣ የክሬን ነጂው፣ አንድ ጆሮው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ደንቁሯል፤
ራያ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ በቦርሳዋ ካሴት ይዛ፤
ፋዲ፣ ከዋዲ ኒስናስ፣ የኢዚዮን ከበሮ ቆዳ
ሠላሳ ዓመት የወጠረ፣ አንዴም ሂሳቡን ሳያበዛ።
አራተኛው እኔ ነኝ።

ከሱዳን በመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት አጥር ዘልዬ፣
የጓደኛዬን ጃኬት ለብሼ፣ እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልዬ፣
ዘበኛው ‹‹ዕድሜህ?›› ሲለኝ፣ በአሥራ ስድስቴ ‹‹ሃያ›› ብዬ።
ዕብራይስጡ ሳይገባኝ ከበሮው ገባኝ ብል ለግጥም ያምር ነበር፤
ውሸት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮዬ ይጮህ ነበር።

ግን ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ግራ እጁን ወደ ላይ አነሳ።
ቆመ።
ጊታር ተጫዋቹ ዞሮ አየው። ላቡ በክርኑ ወረደ።
ያ ሁሉ ሰው የቢራ ጠርሙሱን
በአፉና በደረቱ መሀል ረሳ።

ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ።
አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ነጋሪቱን መትተው፣ መጥቅዑን አስተጋብተው፣
ቀጣዩን ምት አየር ላይ ያቆዩታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፤
እኛ ልጆቹ ከንፈራችንን ነክሰን ‹‹መቼ ነው?›› እየተባባልን።
ያነሷትን እጅ ሳያወርዱ
ገዳሪፍ ላይ ቀሩብን።

ኢዚዮ ግን አወረዳት።
ድው!
ያለቀስኩትን ለቅሶ ኒሲም እስከ ዛሬ
‹‹የቢራው ነው›› ብሎ ይምላል።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር፤
አንድ ሌሊት፣ ሰው ሲበተን፣ ዱላዎቹን ለመንኩት፤ ሰጠኝ።
ሁለቴ መታሁ። ‹‹አምጣ›› አለኝ፣ ‹‹ከበሮው የዱቤ ነው።››
በአድናቂነት ዘመኔ ሁሉ ከአፉ የሰማሁት ይኸው ነው።

ራያ ካሴቱን አስገባች፣ ፋዲ ባመጣው ማጫወቻ፤
መጀመሪያ ሽሽሽ፤ ቀጥሎ ፉጨት፤ ቀጥሎ እሱ፣ እሱ ብቻ።
ወደዚያች ቦታ ሲቃረብ አራታችንም አንገታችንን ሰገግን፤
ግራ እጁ እንደተነሳች፣
ጠቅ።
የካሴቱ ፊት አለቀብን።

ሳንነጋገር ሊጨርሱለት ካርቶኑን በመዳፍ መቱ፤
ኒሲም ቶሎ፤ ራያ ቆይታ፤ ፋዲማ እኛ ተስፋ ስንቆርጥ።
‹‹ቸኮልክ!›› ‹‹ዘገየህ!›› ‹‹እንዲህ አልነበረም!›› ‹‹እኔን ልታስተምረኝ?››
አንድ ሟች፣ ሦስት ዝምታ፤ ባለሱቁም ከወዲያ
‹‹ኧረ ውስጡ ዕቃ አለ!›› እያለ ሲለምን።

ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው።
ከሳድስ እስከ ሳብዕ አንዲት እርምጃ ናት፣ በፊደል ቤት፤
ትናንት ምት ነበረ፤
ከንፈር ክብ ሲል፣ ሞት።

‹‹አንተስ?›› አለኝ ፋዲ፣ ‹‹አልመታህም እኮ።››
‹‹ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው›› አልኩ።

ወደ ቂርያት ሐይም በሚሄደው ውስጥ፣
የነዳጅ ማጣሪያው መብራት በመስኮቱ ሲያልፍ፣
ግራ እጄ ከጉልበቴ ተነስታ አየር ላይ ቀረች።
ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ወታደር ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ነቅላ
‹‹ደህና ነህ?›› አለችኝ።
‹‹ቆዪ›› አልኳት።