ለሁለት የተሰፋ መጽሐፍ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከኮረብታው ወገብ፣
የቆርቆሮ ቤቶች ባሕሩን ቁልቁል ሲያዩ እንደ ቲያትር ሕዝብ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ ሦስት መደርደሪያ፣
ለሚያነብ ማረፊያ፣ ለዝናብ መጠለያ።
ጠባቂዋ እኔ ነኝ።

ከመጻሕፍቱ መሐል አንዱ ብቻ ታመመ፤
ዘጠኝ መቶ አርባ ገጽ አዝሎ ስለ ከረመ
ጀርባው ተሰንጥቆ ስፌቱ ደከመ።
ጸሐፊው ያገር ልጅ፣ መርከበኛ ነበር፣
ኮንትሮባንድ ጭኖ፣ ታስሮ፣ ያመለጠ ከደሴት እስር።
«የኖርኩትን ጻፍኩት» ይላል መግቢያው ላይ፣
«ያልኖርኩትም አለ፣ ማን ይለየዋል?» ባይ።

ወረፋው ረዘመ። ሰው ተቀያየመ።
አንድ ማታ ቆርጬ ቢላ ሳልኩበት፣
እንደ ትኩስ ዳቦ መሐሉን ገመስኩት፣
በዓሣ መረብ ክር ለየብቻ ሰፋሁት።
«ሁለት ሰው ያነባል፣ ጠብም ይቀላል» ስል
ኮረብታውን ራሱን ገምሼዋለሁ ለካ እኩል።

የገመድ ባቡሩን የሚነዳው ኤውሎሂዮ
የፊተኛውን ግማሽ ከመቀመጫው ሥር ወሽቆ፣
በቀን ሰማንያ ጊዜ ሽቅብ ቁልቁል ሲል
በየጉዞው መሐል አንድ ገጽ ይሰርቃል።
«ስልሳ ሦስት ዓመቴ! ከሰፈር ሳልወጣ
መቶ ሜትር ሐዲድ ላይ ስወርድና ስወጣ፤
አሁን ግን ማዕበል መታኝ፣ ወባ ያዘኝ፣ ታሰርኩ፣
በር ሰብሬ አመለጥኩ!
ይዋሽ! ምን ቸገረኝ? ይዞኝ ይሂድ እንጂ!»
ይላል፤ ተሳፋሪው ከውጭ፦ «በሩን ክፈት እንጂ!»

ራሚሮ መካኒክ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ከሞተር ጋር ኖሮ ጮክ ነው ነገሩ ሁሉ።
«በምን ነዳጅ?» ይላል፣ «በየቱ ፓምፕ ኃይል?
በዚያች ቅርፊት ጀልባ ስድስት ሺህ ማይል?»
በየኅዳጉ ላይ «ውሸት» ይላል በእርሳስ፤
ዘጠና አንድ ቆጠርኩ ሳጠፋ በላጲስ።

መምህርት ኔልዳ ደግሞ፦ «ሴቶቹን ቁጠሩ።
አሥራ አራት ናቸው። ሁሉም ያምራሉ፣
ሁሉም ወደብ ቆመው መሐረብ ያወዛውዛሉ።
ያንዷም የአባት ስም የለም።»
ተናዳ ነው ያለችው። ግን ዓይኗ ቀልቷል፤
ሁለት ሌሊት ሙሉ መብራቷ ሲበራ ኮረብታው አይቷል።

እውነትና ንጋት እያደር ቢጠራም
በኛ ኮረብታ ላይ ጭጋጉ አልገፈፈም።

ኤርሜሊንዳ ብቻ ከክርክሩ የለችም።
መረብ ጠጋኝ ናት፤ ቃል አታባክንም።
የኋለኛውን ግማሽ ስድስቴ ተዋሰች፤
ያንኑ አንድ ገጽ አጥፋ ስድስቴ መለሰች።

ሐምሌ ነው። ዝናብ ነው። ክፍሏ ጢም ብላለች።
ራሚሮ ሊያላግጥ ስድስት መቶ አሥራ ሁለትን ገልጦ አነበበ፦
ሊሳንድሮ የሚባል፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ፣
በቀበቶ ፈንታ ሰማያዊ ገመድ የታጠቀ ልጅ
ከመርከብ ወደቀ፤ ጀግናው ዘሎ ገባ፤
በጥርሱ ጎትቶ አወጣው ከባሕር።
«በጥርሱ!» ሰው ሳቀ።
«በሐምሌ? በዚያ ውኃ? ሦስት ደቂቃም አይኖር!»

«ልክ ነህ» አለች ኤርሜሊንዳ።
«ወንድሜ ነበረ። ገመዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።
አልወጣም። የዘለለም የለም።
ያ ሰውዬ ከመርከቡ ጠርዝ ቆሞ ሲያይ ነበረ፤
ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በወረቀት ዘለለ።»

ዝናቡ ብቻ ቀረ ቆርቆሮ ላይ የሚያወራ።
«ታዲያ ለምን ታነቢዋለሽ?» አለ ራሚሮ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እዚህ ጋ» አለችው ጣቷን አሳርፋ፣
«ጨው ውኃ ይተፋል። ያስላል። ይንቀጠቀጣል።
ሾርባ ይሰጡታል፤ ‹አቃጠለኝ› ብሎ ያማርራል።
ሁሌ ያማርር ነበር።
ሰውዬውን ይቅር አላልኩትም፤
ሾርባ እንደሚያቃጥለው ግን ማን ነገረው?»

በሳምንቱ ግማሹ ተመለሰ፤ ገለጥኩት።
ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ የላጲስ ፍርፋሪ፤
የነበረው ቃል የለም።
ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ላይ፣ በትልቁ፣
ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦
«ውሸት።»