ሁለተኛው ገጽ

ነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናብ ሳያባራ፣
ቴሌቪዥን መጣ ደብረ ብርሃን ድረስ ከነጓዙ ተራራ፣
ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ዘፈንና ቀልድ ሊቀርጽ ቀላቅሎ፤
አደዩ አልፈካም፤ አስተባባሪው ገባ የወረቀት አደይ በካርቶን አዝሎ፣
«ዓመቱ ተለውጧል፣ ደስ ይበላችሁ» አለን።
ሦስት ጊዜ አጨበጨብን፤
ሦስት ጊዜ «አልሞቀም፣ እንደገና» አለን።
እንዴት ብሎ ይሙቅ?
ብርድ ልብስ ሠሪዎች ነን፣ ብርድ ልብስ የሌለን።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አባቴ፣ የፋብሪካ ካፖርቱን ለብሶ፣
እኔ ጉልበቱ ላይ፣ ንፍጤ በወረቀቱ አበባ ላይ ፈሶ።

ሸዋቀና ወጣ፣ አኮርዲዮኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ፤
ማኅተም ስለጠፋበት ሊቀመንበር ዘፈነ፣ ቃል በቃል ላይ አጣጥፎ።
ማኅተሙ ቢታጣ አህያው በኮቴዋ ልትመታለት ተዋውላ፣
ከጣርማ በር ጭጋግ ወጥታ፣ ቀለሙን ነክራ፣ እግሯን ሰቅላ—

ድርግም።

ካሜራው ተኛ። አስተባባሪው ብቻ ነው የሚያጉረመርም።

ሸዋቀና ግን ከመድረክ አልወረደም።
«ስሟ ብርሃን፣ አዳሯ ጨለማ፣
ምን ዓይነት ከተማ!»
አለና አኮርዲዮኑን ሳበ፤ ሳቃችን አልበረደም።
«እንዳላመለጣችሁ እንዳውቅ ስማችሁን ጥሩ፣
ከፊት ጀምሩ።»

«እንግዳወርቅ፣ ከሽመና ክፍል!»
«አሰለፈች፣ ከጠባሴ!»
«መሪጌታ ነኝ፣ ስሜ ይቅር፣ ለነፍሴ!»
አንዷ የራሷን ትታ የባለዕዳዋን ጠራች፦
«ሞላልኝ! እዚህ ካለህ ሃያ ብሬን!»
በየስሙ መኻል አኮርዲዮኑ አየር ይስባል፣
አንድ ድምፅ ጠብ ያደርጋል፤ ስም በስም ላይ ይደረባል።

ከዚያ የአባቴ ተራ።
እቤት ጉሮሮውን ሲጠርግ «ዛሬስ አወራ» የሚባል ሰው ነው።
ደረቱ ከጀርባዬ ሲሞላ ተሰማኝ።
«ሁለት ነን» አለ።
ስሙን አልተናገረም።

የእንቁጣጣሽ ማታ ጎረቤት ተኮልኩለን አየነው፦
አህያዋ እግሯን ሰቀለች፤ ወዲያው መታች።
ጨለማ ለዓይን ምን ያደርጋል? ቆርጠው ጥለውታል፣
እኛንም ከነስማችን።
ከአባቴ የቀረው ግማሽ ትከሻ፣ ከኔ አንድ ጆሮ።

ካሴቱ የመጣው ለገና ነው፣ አሥራ ሁለት ብር።
የድምፅ ቀጂው ልጅ መሣሪያው በባትሪ ድንጋይ ይሠራ ነበር፤
ማንም አቁም አላለውም፣ አላቆመም።
ሁለተኛው ገጽ፣ ከመኻል ትንሽ አለፍ ብሎ፣
ከተማው በሙሉ አለ፣ ያለ መብራት ተሰልፎ።

ባለፈው ሰኞ ቀበሌ ሄድኩ፤ ፎርም ላይ
«የቤተሰብ ብዛት» ይላል። አንድ ብዬ ሞላሁ።
ማኅተሙ አልጠፋም።
ጸሐፊዋ አነሣችው፣ ቀለም አስነካችው፣
እንደ ኮቴ መታችው።

ማታ ክሩን በእስክሪብቶ አጠንክሬ
ሁለተኛውን ገጽ ከፈትኩ። መሪጌታው አለፉ፤ ሃያ ብሩም አለፈ።
ጉሮሮ ተጠረገ።
«ሁለት ነን።»
ሸዋቀና «ሁለት ማን ማን?» ይላል፣
አዳራሹ ይስቃል፣
መልሱ ሳይመጣ
መብራቱ ይመጣል።